ከመንጠቆ እስከ ቤተ ሙከራ፤ የሪፍ ዓሣ ናሙና አወሳሰድ

(ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል የሚገለጽበትን የጽሑፍ ዓይነት ያሳያል። በጥሞና አንብቡት።)

ልባም የእህል ነጋዴ ጤፍ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ከጆንያው አፍ ላይ ዘግኖ ባየው ብቻ ዋጋ አይቆርጥም። እጁን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ ከመካከልም ከሥርም አውጥቶ በመዳፉ ላይ ይበትነዋል፤ አፈርና ገለባ መኖር አለመኖሩንም ይመረምራል። ይህን የሚያደርገው ባለእህሉን ስለሚጠላ አይደለም። ከላይ የታየው ጥቂት እህል ከሥር ስላለው ብዙ እህል በእውነት የሚመሰክር መሆኑን ማረጋገጥ ስላለበት ነው። ከብዙው ተወስዶ ስለ ብዙው የሚመሰክረው ይህ ጥቂት ነገር ናሙና ይባላል። ናሙናው ሐሰተኛ ከሆነ በእርሱ ላይ የቆመው ፍርድ ሁሉ ሐሰተኛ ይሆናል።

በእህል ውስጥ ያለ ገለባ በዐይን ይታያል። በዓሣ ሥጋ ውስጥ የተደበቀ መርዝ ግን አይታይም፤ አይሸትም፤ ሲቀመስም አይታወቅም። ስለዚህ ዓሣው ለምግብ የሚስማማ መሆኑን ለማወቅ የሚቻለው ናሙና ወስዶ በቤተ ሙከራ በመመርመር ብቻ ነው። ይህ ሥራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ለመረዳት በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ጠቅላይ ግዛት የተደረገውን አንድ ምሳሌ እንመልከት።

ሪፍ ማለት ከባሕር ወለል ከፍ ብሎ፣ ነገር ግን ከውኃው ገጽ በታች የሚገኝ ዐለታማ ስፍራ ነው። በሞቃት ባሕሮች ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ኮራል የተባሉት ጥቃቅን እንስሳት ዐፅም ለብዙ ዘመናት በመደራረቡ ነው። በሌሎች ስፍራዎች ግን ሰዎች ድንጋይ፣ የሲሚንቶ ቁራጭ ወይም አሮጌ መርከብ ወደ ባሕር አስጥመው ሰው ሠራሽ ሪፍ ያዘጋጃሉ። ትንንሾቹ ዓሦች ለመሸሸግ፣ ትልልቆቹም ትንንሾቹን ለማደን ወደዚያ ይሰበሰባሉ። ዓሣ አጥማጁም እነርሱን ተከትሎ ይመጣል።

ኦሪስካኒ የተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የባሕር ኃይሉን ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1950 ነበር። የእኛው የቃኘው ሻለቃ ጦር ከተሰለፈበት ከኮሪያ ጦርነት በመጨረሻው ዓመት ገደማ ተካፍላለች፤ በኋላም በቬትናም ጦርነት አገልግላለች። አርጅታ ከሥራ ከወጣች ከረጅም ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 2006፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከፔንሳኮላ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ በፈንጂ ተመትታ እንድትሰምጥ ተደረገ። በ37 ደቂቃ ውስጥም ሰጠመች። ዛሬ ከ60 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ተቀምጣ የዓሦች መኖሪያ ሆናለች።

መርከቢቱ ከመስጠሟ በፊት ነዳጇና ዘይቷ፣ ሌላም ጎጂ ነገር ተለቅሞ ወጥቷል። ሆኖም በግድግዳዎቿ ውስጥ እንደ ደም ሥር በተዘረጉት የኤሌክትሪክ ገመዶች ልባስ ውስጥ ፒሲቢ የተባለ የኬሚካል ዓይነት ቀርቶ ነበር። መጠኑም ወደ 320 ኪሎ ግራም እንደሚደርስ ተገምቷል። ገመዶቹን ሁሉ ነቅሎ ማውጣት እጅግ አድካሚና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኖች መርከቢቱ ከነገመዷ እንድትሰምጥ ፈቀዱ። ከዚያ በኋላ የሪፉ ዓሦች በየጊዜው እየተያዙ እንዲመረመሩ ተወሰነ።

ፒሲቢ በአሜሪካ አገር ለንግድ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። በቀላሉ እሳት አይዘውም፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ በሙቀትም አይበላሽም። ከዚህም የተነሣ ለኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር፣ ለገመድ ልባስና ለቀለም ተፈላጊ ሆኖ ቆየ። ነገር ግን ለፋብሪካ በጎ የሆነው ይህ ጠባዩ ለሕይወት ክፉ ሆኖ ተገኘ። የማይበላሽ ነገር ከተጣለበት ስፍራ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1968 በምዕራብ ጃፓን በፒሲቢ የተበከለ የሩዝ ዘይት የተመገቡ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ታመሙ፤ ቆዳቸው ቆሰለ፤ ከእናቶቻቸው ማሕፀን የነበሩ ሕፃናትም ተጎዱ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 ምርቱን ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ፒሲቢን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች ተራ መደበው።

ይህ ኬሚካል ከገመድ ወደ ሰው ማዕድ የሚደርሰው እንዴት ነው? ፒሲቢ በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ በስብ ግን በሚገባ ይሟሟል። ከገመዱ ቀስ በቀስ የሚወጣው ጥቂት ፒሲቢ በውኃው ውስጥ በሚንሳፈፉ ቅንጣቶችና በመርከቢቱ ላይ በበቀሉ ጥቃቅን ሕይወታውያን ላይ ያርፋል። እነዚህን ትንሽ ሸርጣን ይበላቸዋል፤ ሸርጣኑን ትንሽ ዓሣ ይበላዋል፤ ትንሹን ዓሣ ትልቅ ዓሣ ይውጠዋል። እያንዳንዱ በላተኛ የበላውን ሥጋ ቢፈጭም በስቡ ውስጥ የገባውን ፒሲቢ በቀላሉ አያስወግደውም። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ በወጣን ቁጥር መርዙ እየተከማቸ ይሄዳል። በመጨረሻ ትልቁን ዓሣ የሚበላው ሰው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ከዚህ ሪፍ የተያዘ ዓሣ ይበላ ወይስ አይበላ? ዓሣው ንጹሕ ሳለ ተበክሏል ቢባል ዓሣ አጥማጁ ያለ ጥፋቱ እንጀራው ይቋረጣል። ተበክሎ ሳለ ንጹሕ ነው ቢባል ደግሞ ነፍሰ ጡርዋ እናት መርዙን ለራስዋና ለልጅዋ ትመግባለች። በሁለቱ ስሕተቶች መካከል የቆመው ናሙናው ብቻ ነው። ስለሆነም ናሙና የሚወሰድበት ሥርዓት ከዚህ በታች በተዘረዘረው ቅደም ተከተል ይፈጸማል።

በመጀመሪያ ወደ ባሕር ከመውጣት አስቀድሞ ዕቅድ ይወጣል። የትኛው የዓሣ ዘር እንደሚያዝ፣ ስንት ዓሣ እንደሚያስፈልግና መጠናቸው ምን ያህል መሆን እንዳለበት ይወሰናል። ለምርመራ የሚመረጠው ሰዎች አዘውትረው የሚበሉትና በሪፉ አካባቢ ረጅም ጊዜ የሚኖረው ዘር ነው። በኦሪስካኒ ላይ በብዛት ከተመረመሩት አንዱ ቀይ ስናፐር የተባለው ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ ትንንሽ ዓሦችንና ሸርጣኖችን የሚበላ ሲሆን ከ50 ዓመት በላይ መኖር ይችላል። ከዚሁ ጋር መርከቢቱ ከሌለችበት ሌላ ስፍራም ተመሳሳይ ዓሦች ይያዛሉ። ለምን ቢባል፣ ፒሲቢ ዛሬ በብዙ ባሕሮች ውስጥ በመጠኑ ስለሚገኝ በሪፉ ዓሣ ላይ የታየው ከመርከቢቱ የመጣ መሆኑ የሚታወቀው ከሌላ ስፍራ ዓሣ ጋር በማነጻጸር ነው።

ሁለተኛው ሥራ ማጥመድ ነው። በጥልቅ ሪፍ ላይ መረብ በብረቱና በዐለቱ ስለሚያዝ ብዙ ጊዜ በመንጠቆ ይጠመዳል። አጥማጁ ወፍራም ወፍራሙን እየመረጠ ቢያስቀር፣ ወይም ትንሹን ወደ ውኃ እየመለሰ ትልቁን ብቻ ቢይዝ፣ ናሙናው ስለ ሪፉ ሳይሆን ስለ አጥማጁ ምርጫ ይመሰክራል። ስለዚህ በዕቅዱ ከተወሰነው ውጭ ማንም እንደ ፍላጎቱ አይመርጥም። ዓሣው የተያዘበት ስፍራ፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ ወዲያውኑ ይጻፋል። «ወደብ ስንደርስ እንጽፈዋለን» ማለት ፈጽሞ አይፈቀድም። የሰው ትዝታ በማዕበል ላይ ይቅርና በደረቅ ምድርም ይስታልና።

ሦስተኛው በጀልባዋ ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። የባለሙያዎቹ አንዱ መለኪያ በአንድ ግራም ሥጋ ውስጥ 20 ናኖግራም ፒሲቢ ነው። ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለመገመት አንድ ግራም ፒሲቢ በ500 ኩንታል ሥጋ ውስጥ እኩል ቢደባለቅ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጥቂት ነገር በሚለካበት ስፍራ ከጣት የተላለፈ የሞተር ዘይት፣ ከጭስ ማውጫ የወረደ ጥላሸት ወይም ያልታጠበ ቢላዋ ምርመራውን ሊያሰናክል ይችላል። ስለዚህ ዓሣው በነዳጅና በዘይት በተበከለ ወለል ላይ አይጣልም። የሚይዘው ሰው ንጹሕ ጓንት ያጠልቃል። የሞተሩ ጭስ ወደ ናሙናው እንዳይነፍስ ጀልባዋ በነፋሱ አንጻር ትዞራለች።

ዓሣው እንደ ወጣ ሳይሠቃይ ቶሎ ይገደላል፤ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል፤ ርዝመቱና ክብደቱ ይለካል። ከጥልቅ ውኃ በድንገት የወጣ ዓሣ በውስጡ ያለው አየር ስለሚነፋ ሆዱ ሊወጠር፣ ጨጓራውም በአፉ በኩል ብቅ ሊል ይችላል። ይህን ያየ ሰው ዓሣው ታሟል ብሎ መጻፍ የለበትም። የዓሣው ሆድ በጀልባ ላይ አይቀደድም። አንጀቱ ወይም ጉበቱ ከተበጣ በውስጡ ያለው ነገር ወደ ሥጋው ይፈስሳልና። ዓሣው ሙሉ እንደሆነ በንጹሕ የአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልሎ በላስቲክ ከረጢት ይገባና በበረዶ ላይ ይቀመጣል። የሚመረመረው እንደ ፒሲቢ ያለ ኬሚካል ሳይሆን ብረት ነክ ነገር ቢሆን ግን ፎይሉ ራሱ ብረት ስለሆነ በላስቲክ ብቻ ይጠቀለላል። ለአንዱ ምርመራ ጠባቂ የሆነው ለሌላው በካይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

አራተኛው መለያ መስጠትና ርክክብ ነው። እያንዳንዱ ዓሣ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያው ቁጥር በከረጢቱ ላይም በመዝገቡም ይጻፋል። ጽሑፉ በበረዶ ውኃ እንዳይለቅ ውኃ በማይፈታው ቀለም መጻፍ አለበት። ናሙናው ከአጥማጁ ወደ ሾፌሩ፣ ከሾፌሩ ወደ ቤተ ሙከራው ሲተላለፍ ሰጪና ተቀባይ ስማቸውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ይፈርማሉ። ይህ መዝገብ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ሲረካከቡ ከሚፈረመው ሰነድ አይለይም። ዓላማውም አንድ ነው፤ በኋላ «ይህ ዓሣ በእርግጥ ከዚያ ሪፍ የመጣ ነውን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ እንዲኖር ነው። ቁጥሩ የጠፋ ዓሣ፣ ምንም ትኩስና ንጹሕ ቢሆን፣ ምስክርነቱ ተቀባይነት የለውም። ይጣላል እንጂ በግምት አይመደብም።

አምስተኛው የቤተ ሙከራው ሥራ ነው። ዓሣው እንደ ደረሰ ወዲያው ካልተሠራ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ሲሠራ ቅርፊቱ ይፋቅና ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ፣ በተለምዶ ፊሌቶ የምንለው፣ በንጹሕ ቢላዋ ይወጣል። ፒሲቢ በስብ ውስጥ ስለሚቀመጥና ከቆዳው ሥር ስብ ስላለ፣ ሰዎች ዓሣውን ከነቆዳው የሚበሉት ከሆነ ምርመራውም ከነቆዳው መሆን አለበት። ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ሲታለፍ ቢላዋውና መክተፊያው በሳሙናና ስብ በሚያሟሟ ፈሳሽ ይታጠባሉ። ከራስ ቅሉም የጆሮ ድንጋይ የምትባለው ትንሽ አጥንት መሰል ነገር ልትወጣ ትችላለች። እርሷ ስትቆረጥ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበቶች ስለሚታዩባት የዓሣውን ዕድሜ ትናገራለች። ዕድሜው ብዙ የሆነው ዓሣ ብዙ ሊያከማች ስለሚችል ይህን ማወቅ ለፍርዱ ይረዳል።

ሥጋው ከተፈጨ በኋላ በሚገባ ይደባለቃል። ከዚያም ስቡ በልዩ ፈሳሽ ይወጣል፤ ይጣራል፤ በመጨረሻም ጋዝ ክሮማቶግራፍ በተባለ መሣሪያ ውስጥ ያልፋል። ፒሲቢ አንድ ነገር ሳይሆን 209 ተመሳሳይ አባላት ያሉት ቤተሰብ ነው፤ መሣሪያው አባላቱን ለያይቶ መጠናቸውን ያሳያል። ባለሙያው ግን መሣሪያውን በጭፍን አያምንም። ዓሣ የሌለበት ባዶ ናሙና በዚያው መንገድ አሳልፎ ይመረምራል፤ በባዶው ውስጥ ፒሲቢ ከተገኘ ብክለቱ የመጣው ከዓሣው ሳይሆን ከራሱ ዕቃ ነው። መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ናሙናም ያስገባና መሣሪያው ትክክለኛውን ቁጥር መስጠቱን ይፈትናል። በዚህ ዓይነት መርማሪው ከሌላው አስቀድሞ ራሱን ይመረምራል።

የመጨረሻው ውጤቱን ማንበብ ነው። እዚህም ማስተዋል ያሻል። ለምሳሌ አምስት ዓሦች ተመረመሩ እንበል። በአራቱ እያንዳንዳቸው በግራም 5 ናኖግራም፣ በአምስተኛው ግን 180 ናኖግራም ቢገኝ አማካዩ 40 ይሆናል። ይሁን እንጂ ከአምስቱ ዓሦች መካከል 40 የያዘ አንድም የለም። የአምስቱ ሥጋ በአንድነት ተፈጭቶ ቢመረመር ወጪው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ያ አንድ ዓሣ በአማካዩ ውስጥ ተሸሽጎ ያመልጣል። ስለዚህ ዓሦቹን አደባልቆ ወይም ነጣጥሎ መመርመሩ አስቀድሞ በዕቅዱ ሊወሰን፣ በመግለጫውም ሊጻፍ ይገባል።

በኦሪስካኒ ሪፍ ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች በተያዙት አንዳንድ ዓሦች ሥጋ ውስጥ የተገኘው ፒሲቢ ከ20 ናኖግራም በላይ ሆነ። አስቀድሞ በስሌት የተገመተው ግን ሪፉ በአጥማጆች ጤና ላይ የሚያሠጋ ጉዳት እንደማያደርስ ነበር። ግምቱ በወረቀት ላይ የተሠራ ነው፤ ዓሣው ግን ከባሕር የመጣ ነው። ይህም ሆኖ ባለሙያዎቹ በአንድ ዙር ውጤት ተደናግጠው የመጨረሻውን ፍርድ አልሰጡም፤ ውጤቱንም አልሸሸጉም። መጠኑ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሄዱን ለማየት ናሙና መውሰዱን ለበርካታ ዓመታት ቀጠሉ። 20 የተባለው ቁጥርም ከእርሱ በላይ ያለውን የበላ ሁሉ ወዲያው ይታመማል ማለት አይደለም። አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ዓሣ ለረጅም ዘመን ደጋግሞ ቢበላ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ታስቦ የተቀመጠ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? ውድ መሣሪያ በቤተ ሙከራ ውስጥ ቢኖርም መሣሪያው ሊናገር የሚችለው የተሰጠውን ናሙና እውነት ብቻ ነው። በጀልባዋ ላይ እጁን ሳይታጠብ ዓሣውን የያዘ ሰው ያበላሸውን ሊቁ በቤተ ሙከራው ሊያቃናው አይችልም። ደክሞት ቁጥሩን በግምት የጻፈ ሠራተኛ ስሕተቱ በመጨረሻ በማያውቃት እናት ማዕድ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የጓንቱ፣ የፎይሉ፣ የበረዶውና የፊርማው ነገር ትንሽ መስሎ ቢታይም ትንሽ አይደለም። የእህል ነጋዴው እጁን ወደ ጆንያው ሥር እንደሚሰድ ሁሉ፣ እውነትን የሚሻ ሰውም በቀላሉ የሚገኘውን ሳይሆን በትክክል የሚመሰክረውን ናሙና ይፈልጋል።

መልመጃ

ሀ. ከምንባቡ በመነሣት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ፒሲቢ ለፋብሪካ ተፈላጊ፣ ለሕይወት ግን ጎጂ እንዲሆን ያደረገው ጠባዩ የትኛው ነው?
2. መርከቢቱ ከሌለችበት ስፍራም ዓሣ መያዝ ለምን አስፈለገ?
3. የዓሣው ሆድ በጀልባ ላይ የማይቀደደው ለምንድን ነው?
4. ባዶ ናሙና ምን ያስረዳል?
5. አምስት ዓሦች ስለተመረመሩበት ምሳሌ የተሰጠውን ሐሳብ በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።

ለ. «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «ከዚህም የተነሣ»፣ «ይሁን እንጂ» የሚሉትን አያያዦች በምንባቡ ውስጥ ፈልጋችሁ፣ እያንዳንዱ የትኛውን ሐሳብ ከየትኛው ጋር እንዳያያዘ አሳዩ። ከዚያም በየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ሐ. በአካባቢያችሁ የሚገኝ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውኃ ለምርመራ ቢፈለግ ናሙናው እንዴት ሊወሰድ እንደሚገባ፣ እያንዳንዱንም ጥንቃቄ ከነምክንያቱ በመግለጽ፣ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ።